ጎርፍ ኬላ ላይ አይቆምም



በዚህ አገር ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ወሬ እንሰማለን። መንገድ ተዘጋ፣ መኪና ጎርፍ ወሰደው፣ የምድር ቤት ውሃ ሞላው ይባላል። ኢሪያው (ማዘጋጃ ቤቱ) «ያልታሰበ ዝናብ ነው የጣለው» ይላል። መንግሥት «ኢሪያው ቦዩን በጊዜው አላስጠረገም» ይላል። የኢንሹራንስ ሰዎች መጥተው ፎቶግራፍ አንስተው ይሄዳሉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ይረሳል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ስለ ጎርፍ የሚያነሣ ሰው አይገኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ወደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን የሚገባው ጎርፍ የሚነሣው በከተሞቹ ውስጥ አይደለም። ከላይ፣ ከተራራው፣ ከሌላ ሕዝብ መንደርና ከአረንጓዴው መስመር ማዶ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሰው የቱንም ያህል ግንብ ቢሠራና ቦይ ቢቆፍር ብቻውን ራሱን ሊያድን አይችልም። ከላይ ካለው ሰው ጋር ዝናቡ ሳይመጣ መነጋገርና አብሮ መሥራት ይኖርበታል። ይህ ሥራ ደግሞ መንግሥታት እስኪታረቁ ድረስ የሚቆይ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሊጀምረው ይችላል። እኛም ቤተ እስራኤል በዚህ ነገር ተመልካች ሆነን መቅረት የለብንም።

«ይኸ ነገር እኛን ምን አገባን? እኛ ስንት የቤት፣ የሥራና የትምህርት ችግር አለብን» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለእርሱ የምመልሰው፥ የአገሩን ካርታ ዘርጋና ወገኖቻችን የሰፈሩባቸውን ከተሞች ተመልከት ብዬ ነው። ከናታንያ በስተሰሜን ወደ ባሕር የሚገባው ናሐል አሌክሳንደር የሚነሣው ከሼኬም (ናብሉስ) አካባቢ ነው። በሐዴራ የሚያልፈው ናሐል ሐዴራ ከሰማርያ ተራሮች የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል። አሽዶድ ላይ ወደ ባሕር የሚገባው ናሐል ላኪሽ ከሔብሮን ተራሮች ይነሣል። ከሔብሮን የሚነሣ ሌላ ወንዝ ደግሞ ወደ ቤር ሼቫ ይወርዳል። ናታንያ፣ ሐዴራ፣ አሽዶድ፣ ቤር ሼቫ፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ሁሉም የሚገኙት ከታች ነው።

የውሃው መንገድ

ናሐል አሌክሳንደርን ምሳሌ አድርገን እንመልከት። ርዝመቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ውሃ የሚሰበስብበት ምድር ግን ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኦሪትን የሚያውቅ ሁሉ የበረከቱን የገሪዛንን ተራራና የመርገሙን የጌባልን ተራራ ያውቃል። የጌባል ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 940 ሜትር ከፍታ አለው። ሼኬም የምትገኘው በሁለቱ ተራሮች መካከል ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ በኩል የሚጥለው ዝናብ፣ አረቦቹ ዋዲ ዘይመር፣ እኛ በዕብራይስጥ ናሐል ሼኬም በምንለው ሸለቆ ይወርዳል። ዴር ሻራፍን፣ ዓናብታንና የኑር ሻምስን የስደተኞች ሰፈር አልፎ ቱልካረም ከተማ ይገባል። ከዚያ አረንጓዴውን መስመር ተሻግሮ በኤሜክ ሔፌር እርሻዎች መካከል ይሄድና በሚክሞሬትና በቤት ያናይ መካከል ከባሕር ይቀላቀላል። ከመነሻው እስከ ባሕሩ በመኪና ቢሄዱት የአንድ ሰዓት መንገድ የማይሞላ ነበር፤ ኬላና አጥር ባይኖር ማለቴ ነው። ውሃው ግን ኬላ ላይ ቆሞ መታወቂያ አያሳይም።

ጎርፍ የሚበዛው ዝናብ ስለበዛ ብቻ አይደለም። አንደኛ፥ መሬቱ መጠጣቱን እየተወ ነው። በላይም በታችም ቤት፣ መንገድና የመኪና ማቆሚያ ሲስፋፋ፣ ቀድሞ አፈር ውስጥ ይሰርግ የነበረው ዝናብ በአስፋልት ላይ ተንሸራቶ ባንድ ጊዜ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፥ መውረጃው ይደፈናል። የከተማ ቆሻሻ፣ ፕላስቲክ፣ ከድንጋይ መቁረጫ ፋብሪካዎች የሚወጣ ነጭ ጭቃ፣ በመከር ጊዜ ከወይራ መጭመቂያ የሚወጣ ዝቃጭ፣ ይህ ሁሉ ሸለቆው ውስጥ ይጣላል፤ ከድልድይና ከቱቦ አፍ ላይም ይጠራቀማል። ሦስተኛ፥ በሰማርያ ተራሮች ላይ ከጥንት ጀምሮ የነበረው የድንጋይ እርከን በብዙ ቦታ ባለቤት አጥቷል። የእርከኑ ካብ አንድ ጊዜ ከተናደ አፈሩ ይሄዳል፤ አፈሩ ከሄደ ውሃውን የሚይዘው የለም። ይህን ለጎንደር ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ላይ የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንደሚሉት በዚህ የባሕር ዳርቻ የሚጥለው ዝናብ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኃይል የሚወርድ እየሆነ ነው። ዛሬ ያለው ቦይ የተሠራው ለትናንቱ ዝናብ ነው ማለት ነው።

በጥር 2013 የጣለውን ዝናብ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በቴል አቪቭ የአያሎን አውራ ጎዳና ተዘጋ። በባቃ አል-ጋርቢያ መንገዶች ወንዝ ሆኑ። በቱልካረም አካባቢ ደግሞ ጎርፍ መኪናቸውን የወሰደባቸው ሁለት ፍልስጥኤማውያን ሴቶች ሞቱ። ደመናው አንድ ነበር፤ ዜናው ግን በሁለት ቋንቋ ለየብቻ ተነገረ። በጥር 2020 ደግሞ በቴል አቪቭ በሐቲክቫ ሰፈር ሁለት ወጣቶች በምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ አሳንሰር ውስጥ ውሃ ሞልቶባቸው ሞቱ። ያኛው ውሃ ከድንበር ማዶ የመጣ አልነበረም። ነገር ግን በአስፋልት የተሸፈነ ከተማ በአንድ ጠዋት ዝናብ ሰው ሊገድል እንደሚችል ለሁላችንም አሳይቷል። ከታች እንዲህ ያለ ከተማ እያለን ከላይ የሚወርደው ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ሕጉ የሚቆምበት ቦታ

እስራኤል የውሃ መውረጃና የጎርፍ መከላከያ ሕግ ያወጣችው በ1957 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሪሹት ኒኩዝ የሚባሉ 11 የውሃ መውረጃ ባለሥልጣኖች አሉ። እያንዳንዱ ባለሥልጣን የተከለለው በከተማ ሳይሆን በወንዝ ተፋሰስ ነው። ይህ አሳቡ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ውሃ የሚያውቀው ተፋሰስን እንጂ የኢሪያን ወሰን አይደለም። ነገር ግን የባለሥልጣኖቹ ሥልጣን አረንጓዴው መስመር ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ ተፋሰሱ ግን አያበቃም። የወንዙ ራስ ከአንድ ወገን፣ እግሩ ከሌላ ወገን ሆኖ ቀርቷል።

በ1995 በተፈረመው የእስራኤልና የፍልስጥኤማውያን ጊዜያዊ ስምምነት አንድ የጋራ የውሃ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው በብዛት የሚመለከተው የውሃ ጉድጓድ፣ የቧንቧና የፍሳሽ ጉዳይ ነው። እርሱም በጠብ ምክንያት ለዓመታት ሳይሰበሰብ ቆይቶ እንደገና ሥራ እንዲጀምር የተስማሙት በ2017 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ዝናቡ መዝነቡን አላቆመም። በ2002 መሠራት የጀመረው የመለያ አጥርም ለጎርፉ ሌላ ጣጣ ጨምሯል። ግንቡ የተፈጥሮውን መውረጃ ሲያቋርጥ ከሥሩ ቱቦና በር ተደርጎለታል፤ ቱቦው በቆሻሻ ሲደፈን ወይም በሩ በጊዜ ሳይከፈት ሲቀር ግን ውሃው ተመልሶ ይተኛል። ቃልቂልያ ውስጥ በዚህ ምክንያት ቤትና እርሻ በውሃ ተይዟል። ስለ አጥሩ ያለን አሳብ የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አሁን የምጽፈው ስለ ቱቦው ነው። ቱቦውን ለመጥረግ ከሁለቱም ወገን ሰው ያስፈልጋል።

ከቆሻሻ ወደ ጎርፍ

መንግሥታት ባልተስማሙበት ቦታ ግን ጎረቤቶች አንዳንድ ነገር ሠርተዋል። ናሐል አሌክሳንደር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፍሳሽ ቦይ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ የኤሜክ ሔፌር የአካባቢ ምክር ቤትና የቱልካረም ሰዎች ወንዙን አብረው ለማጽዳት ተስማሙ። ኢንቲፋዳው በተፋፋመበት ዘመን እንኳ የባለሙያዎቹ ግንኙነት ጨርሶ አልተቋረጠም፤ ከቱልካረም የሚመጣውን ፍሳሽ የሚያጣራ ተቋምም በመስመሩ አጠገብ በያድ ሐና ተሠራ። በ2003 የአሌክሳንደር ወንዝ ሥራ በአውስትራሊያ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አገኘ። በ2013 ደግሞ ከናብሉስ በስተምዕራብ በጀርመን ዕርዳታ የተሠራው ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በወንዙ ውስጥ የናይል ኤሊዎች ይኖራሉ፤ ሰውም ልጆቹን ይዞ ሊያያቸው ይሄዳል።

ሌላም አለ። በ1994 የተመሠረተው ኤኮፒስ የሚባለው የእስራኤላውያን፣ የዮርዳኖሳውያንና የፍልስጥኤማውያን ድርጅት በ2001 «መልካም የውሃ ጎረቤቶች» የተባለ ሥራ ጀመረ። አሳቡ ቀላል ነው። አንድ ውሃ የሚጋሩ ሁለት መንደሮችን ከድንበር ወዲህና ወዲያ ያጣምራል። ኤሜክ ሔፌር ከቱልካረም፣ ባቃ አል-ጋርቢያ ከባቃ አሽ-ሻርቂያ ጋር ተጣመሩ። ሥራው የተጀመረው በትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች የወንዛቸውን ውሃ መረመሩ፤ የትምህርት ቤታቸውን ጣሪያ ውሃ በገንዳ አጠራቀሙ። ከንቲባዎቹ የመጡት ከልጆቹ በኋላ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ሥራ በአመዛኙ ስለ ቆሻሻ ነበር እንጂ ስለ ጎርፍ አልነበረም። ቆሻሻ ይሸታል፤ በየቀኑ ስለሚሸት ማንም አይረሳውም። ጎርፍ ግን በዓመት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህም ይረሳል። ነገር ግን ለቆሻሻው የተከፈተው በር ለጎርፉም ያገለግላል። በአውሮፓ የሆነው ይኸው ነው። በራይን ወንዝ ዳር ያሉት ስዊዘርላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሉክሰምቡርግና ሆላንድ የጋራ ኮሚሽን ያቋቋሙት በ1950 ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ በመካከላቸው የነበረውን ደም እኛ አይሁድ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ኮሚሽኑ የተሰበሰበው ስለ ወንዙ መቆሸሽ ነበር። በ1993 እና በ1995 ከባድ ጎርፍ ሲመጣ፣ በ1995 ብቻ በሆላንድ 250,000 ያህል ሰው ከቤቱ ሲወጣ፣ አብሮ የመሥራት ልማዱ አስቀድሞ ስለነበር በጥር 1998 የጋራ የጎርፍ ዕቅድ አወጡ። እስከ 2020 ድረስ የጉዳቱን ሥጋት በ25 በመቶ እንቀንስ ብለው ተነሡ። ግንብ ከማሳደግ ይልቅ ለወንዙ የተወሰደበትን ሜዳ መመለስ፣ ውሃውን ከላይ ማቆየት፣ የታችኛውን ሰው ቀድሞ ማስጠንቀቅ የሚል ዕቅድ ነው። የአንድ ክረምት ሥራ ሳይሆን የ20 ዓመት ሥራ ነበር።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው» የሚል ካለ፣ ድሆቹንም እንይ። በኔፓልና በህንድ ድንበር ራቱ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ከላይ በኔፓል በኩል የውሃውን ከፍታ የሚለካ ርካሽ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያውን የሚጠብቅ የመንደር ሰው ተመረጠ፤ ውሃው ሲነሣ ወደ ታች፣ ድንበር ተሻግሮ ወደ ቢሃር መንደሮች ስልክ ይደውላል። በ2017ቱ ጎርፍ ይህ ስልክ ከታች ላሉት ሰዎች ዕቃቸውንና ከብታቸውን ለማውጣት ጊዜ ሰጥቷቸዋል። መሣሪያ፣ ስልክና የሚተማመኑ ሁለት ሰዎች፤ የተፈለገው ይኸው ነበር። አባቶቻችን ከተራራ ወደ ተራራ እየተጠራሩ መልእክት ያስተላልፉ እንደነበረው ማለት ነው። የሚጠራው ሰው ድምፅ ይታመን ነበር፤ የተጠራውም ሰው ይሰማ ነበር።

የላይኛው ሰው አፈርም ይሄዳል

ስለ ጎርፍ ስናወራ ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን የመውቀስ ልማድ አለው። «ቆሻሻቸውን ይልኩብናል፤ ውሃቸውን ይለቁብናል» ይላል። በዚህ ነገር እኛ ከሌላው እስራኤላዊ ይልቅ አንድ የምናውቀው ነገር አለ፤ የላይኛውን አገር እናውቀዋለን።

ከጎንደር በስተምዕራብ የሚነሣው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ተከዜም ሄዶ ይቀላቀለዋል። ሽንፋ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል። በ1980ዎቹ ወላጆቻችን ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲወርዱ መንገዳቸው በእነዚህ ወንዞች አገር ነበር። ሱዳኖች በአትባራ ላይ በ1964 ካሽም ኤል-ጊርባ የተባለውን ግድብ ሠሩ። ግድቡ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ግማሽ ያህሉን በደለል አጣ። ያ ደለል ከየት መጣ? ከጎንደር፣ ከሰሜንና ከትግራይ ማሳ ነው። ወላጆቻችን ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት ነበር የሚያርሱት። ያንኑ መሬት እንኳ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ እየጠረገ ሲወስደው ቆመው ያዩ ነበር። የላይኛው ገበሬ ጎርፍ አልላከም፤ አፈሩን ተቀማ። የታችኛውም በዚያው አፈር ግድቡ ተደፈነበት። በአንድ ዝናብ ሁለቱም ከሰሩ።

በሰማርያም ነገሩ ያው ነው። የእርከኑ አፈር የሚሄድበት የዓናብታ ገበሬና በመጀመሪያ በጎርፍ የሚመታው የቱልካረም ነዋሪ ጎርፍ ላኪዎች አይደሉም፤ ከእኛ ቀድሞ የሚጎዱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከላይ እርከን ቢጠገን፣ ዛፍ ቢተከል፣ ትንንሽ የውሃ ማቆያ ኩሬ ቢሠራ የሚጠቀሙት ሁለቱም ናቸው። ከታች ያለው ባለሀብት ከተማ ለላይኛው እርከን ገንዘብ ቢከፍል ምጽዋት አይደለም፤ የራሱን የምድር ቤት ከውሃ እየጠበቀ ነው። ነገሩ ጉዳትን ቀድሞ መከላከል ስለሆነ፣ ከጎርፉ በኋላ ለካሣና ለጥገና ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አስተያይቶ ማስላት ይገባል።

መንግሥታት ብቻቸውን ሲተዉ ምን እንደሚሆንም ከዚያው ከናይል እንማራለን። በ2020 ክረምት ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ሁሉ በላይ ሞላ፤ በሱዳን ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መንግሥትም ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በመስከረም 2025 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በሱዳን ጎርፍ ሲደርስ ግብፅ ኢትዮጵያን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያም ክሱን አልተቀበለችም። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለመሐንዲሶች እተዋለሁ። ነገር ግን በወንዙ ዳር ያለው ቤተሰብ የሚፈልገው በመግለጫ ማን እንደረታ ማወቅ ሳይሆን፣ ውሃው ሳይደርስ «ነገ ይነሣል፤ ከብትህን አውጣ» የሚለውን ቃል ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት የጎርፍ ትንበያ ያዘጋጃል። ትንበያው ከቢሮ ወጥቶ ወንዙ ዳር ያለው ጎጆ እስኪደርስ ድረስ ግን ወረቀት ነው።

«በዚህ ዘመን?» ለሚሉ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይኸ ነው። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ስንት ቤት ሐዘን ተቀምጧል፤ ከማኅበረሰባችንም ልጆቻቸውን የቀበሩ ብዙ ናቸው። በ2025 መጀመሪያ በተጀመረው ወታደራዊ ዘመቻ ደግሞ ከቱልካረምና ከኑር ሻምስ የስደተኞች ሰፈሮች ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። «በዚህ ጊዜ ከማን ጋር ነው ስለ ቦይ የምንነጋገረው?» የሚለው ሰው ልቡ ስለተሰበረ እንጂ ክፉ ስለሆነ አይደለም።

እኔ የምለው የፍቅር ስብሰባ ይደረግ አይደለም። የጎርፍ ስልክ ሰላም አይደለም፤ ሰላምን ለሚመለከታቸው እንተው። በአንድ ሸለቆ ላይና ታች የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ባይዋደዱም «ውሃው መጣ» ሊባባሉ ይችላሉ። ባይባባሉ የሚሞተው ጠላት የተባለው ሰው ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 26 ቀን 2018 በናሐል ጻፊት ለጉዞ ከወጡ ወጣቶች መካከል አሥሩ በጎርፍ ሞቱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ቀን፣ ከሙት ባሕር ማዶ በዮርዳኖስ፣ በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ የነበሩ ሕፃናት ጎርፍ ደረሰባቸው፤ ሃያ አንድ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ ዮርዳኖስ ጠይቃ የእስራኤል ሠራዊት ሄሊኮፕተሮች ለፍለጋ ሄዱ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሄሊኮፕተር የሚሄደው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። መምህራንን የማሠለጥን እንደመሆኔ፣ እነዚህ ሁለት አደጋዎች ከአንድ ሙት ባሕር ወዲህና ወዲያ በስድስት ወር ልዩነት መድረሳቸውን ለሠልጣኞቼ ሳልነግር የምጨርሰው ዓመት የለም። መምህር ልጆችን ይዞ ወደ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን ከላይ ተራራው ላይ ያለውንም ሰማይ መጠየቅ አለበት። ተራራው ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል።

ምን እንጠይቅ?

አንደኛ፥ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች ያሉ የኢሪያ አባሎቻችንና የማኅበር መሪዎቻችን ለሪሹት ኒኩዝ አንድ ቀላል ጥያቄ ያቅርቡ፤ «ከመስመሩ ማዶ ውሃ ሲነሣ ለእናንተ የሚደውልላችሁ ማነው? እናንተስ ለማን ትደውላላችሁ?» መልሱ በጽሑፍ ይሰጠን። ሰው ከሌለ ይሾም። በኤሜክ ሔፌርና በቱልካረም በኩል የቀድሞው ግንኙነት ክር ካለ በእርሱ ይጀመር።

ሁለተኛ፥ የቱቦና የድልድይ ሥር ጠረጋ ከሁለቱም ወገን በአንድ ሳምንት ይደረግ። ወዲህ ተጠርጎ ወዲያ ካልተጠረገ ከንቱ ድካም ነው። ቀኑን ለመምረጥ የሚያስቸግር ነገር የለም። በዚህ አገር ሥርዓት ዝናብ መለመን የሚጀመረው በሔሽቫን 7 ነው፤ ረቢዎች ከሱኮት በኋላ 15 ቀን ያቆዩት ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የነበረው የመጨረሻው መንገደኛ ኤፍራጥስ እስኪደርስ ነው ይባላል። ሩቅ ላለ ሰው ሲባል የዝናብ ጸሎት የዘገየበት አገር ነው። እንግዲህ ጠረጋው ከሔሽቫን በፊት ይለቅ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከስግድ አይለፍ።

ሦስተኛ፥ ማስጠንቀቂያው በአማርኛም ይሁን፤ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅ ይነገር። በምድር ቤትና በአንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌዎችና እናቶች በስልካቸው የሚመጣውን የዕብራይስጥ መልእክት አያነቡም። በየማትናሱ የስልክ ሰንሰለት እናዘጋጅ፤ አንድ ወጣት አሥር ቤት ይያዝ። ከቱልካረም የተደወለው ስልክ እዚህ የመጨረሻዋ አሮጊት ቤት ካልደረሰ ድካሙ ሁሉ ግማሽ መንገድ ቀረ ማለት ነው።

አራተኛ፥ መምህራኖቻችን ይህን ትምህርት ያድርጉት። ሂሳቡ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ አይከብድም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ 1,000 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ 50,000 ሊትር ነው። ሃያ ትምህርት ቤቶች ያንን ውሃ በገንዳ ቢይዙት አንድ ሚሊዮን ሊትር ወደ መንገዱ አልወረደም። ይህ ብቻውን ወንዝ አያቆምም። ነገር ግን በሐዴራ ያለው ልጅና በባቃ አሽ-ሻርቂያ ያለው ልጅ አንድ ሂሳብ ከሠሩ፣ ሃያ ዓመት ቆይተው በኢሪያና በሪሹት ኒኩዝ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የሚነጋገሩበት ነገር አላቸው። የራይን ሰዎች ዕቅድ ከ20 ዓመት በላይ የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም። የጎርፍ ሥራ የትውልድ ሥራ ነው።

ሽማግሌዎቻችንንም አንርሳ። እርከን መካብ፣ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ማውጣት፣ የወንዝን ድምፅ ሰምቶ ሙላቱን መለየት የሚያውቁ ሰዎች በሰፈራችን ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ከሰማርያ ገበሬ ሽማግሌ ጋር ቢገናኙ በቋንቋ ባይግባቡ እንኳ ስለ ድንጋይ ካብ ሳይግባቡ አይቀሩም።

ወገኖቼ፤ ከታች መኖርን እኛ አልመረጥነውም፤ ከላይ መኖርንም እነርሱ አልመረጡትም። ሁለታችንንም ያገናኘን ተዳፋቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት በዚህ ሰዓት፣ ማንም ስለ ጎርፍ በማያወራበት ጊዜ፣ ቱቦውን የሚጠርገው ሰው ስምና የስልኩ ቁጥር በእጃችን ይግባ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ አባቶች፣ የዚህ ዓመት ሥራችን በዚህ ይጀመር።